የሁለት መቀናጆዎች መድኃኒት

አባቴ ጋደም ብሎ መተኛት የተወው እህል ከአውድማ በገባ ሰሞን ነው። ጀርባውን ለጎታው ሰጥቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ እንደተቀመጠ ያነጋል። ጋደም ካለ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ “ውኃ ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል” ይል ነበር። እግሩ አብጦ በረባሶው አልገባ አለው። እናቴ ቅቤ ስታሸው የአውራ ጣቷ ዱካ ጭቃ የረገጠች ይመስል ሰርጉዶ ይቀራል። ያ ስርጉድ ቀስ ብሎ ሲሞላ ቁጭ ብዬ ማየት ልማዴ ሆኖ ነበር።

እኔ በዚያ ዘመን እግሬ አንድ ቦታ የማይረጋ ጎረምሳ ነበርኩ። ከመንደራችን ሰቆጣ፣ ከሰቆጣ መንደራችን ስመላለስ ጫማ እጨርሳለሁ። ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ነው፤ የቀረውን ያስተማረኝ ሱቅ ውስጥ ስኳርና ጨው የሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። በጨው የረጠበውን አድርቄ፣ የተቀደደውን በግምት ሞልቼ አነብ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ፊደል የቆጠረ ሰው ሲያጣ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ አደረገኝና የአባቴን እኩዮች “ሀ” በሉ እያልኩ አስጮህ ጀመር። ከዚያ በተረፈኝ ጊዜ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥሜን አንብብልን ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ሳልጠየቅ አነብ ነበር።

አባቴ አንድ በሬ ነበረው። ከሸለቆው ማዶ ያለው ጎረቤታችንም አንድ በሬ ነበረው። እኛ አገር እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን ያቀናጃሉ። ጥንዱ ዛሬ የአንዱን መሬት ካረሰ ነገ የሌላውን ያርሳል። ሰዎቹ መቀናጆ ይባላሉ፤ ተራው አይዛነፍም፣ ከተዛነፈም በሽማግሌ ነው። እኔ ይህን የአባቴን መቀናጆ “አያ” ነበር የምለው። ከአባቴ ጥቂት ይበልጣል። አገውኛውን ካማርኛው እየቀላቀለ ይቀልዳል፤ ሲስቅ ግን ሳሉ ይቀድመዋል። የእሱም እግር ማበጥ ከጀመረ ሰንብቷል። ሁለቱ አብረው ሲቀመጡ አንዱ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሌላው ነበር የሚጨርስለት፤ ለአንድ ሙሉ ወሬ የሚበቃ ትንፋሽ ለየብቻ አልነበራቸውም።

ብዙ ከተለመነ በኋላ አባቴን በበቅሎ ሰቆጣ አደረስኩት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደረቱን አዳመጠች፣ አንገቱ ላይ የተገተረውን ደም ሥር አየች፣ ደሴ ለሐኪም ይታይ ብላ ጽፋ ሰጠችን። መኪና በወታደር ታጅቦ የሚሄድበት ጊዜ ነበርና ተራ ጠብቀን፣ በወልዲያ በኩል አቧራችንን እየበላን ደሴ ገባን።

ያየን ሐኪም ወጣት ቢሆንም ችኩል አልነበረም። ልብዎ ደክሟል፣ የደከመን ልብ ከመግረፍ ሸክሙን ማቅለል ይሻላል አለው ለአባቴ። ውኃውን በሽንት የሚያወጣ አንድ ክኒን አዘዘለት። ከዚያ ሌሎች ሁለት ጨመረ፤ ሃይድራላዚንና አይሶሶርባይድ የሚባሉ። የመጀመሪያው ደም ከልብ የሚወጣባቸውን ሥሮች ያሰፋል፤ ልብ ደሙን ወደ ውጭ ሲገፋ በሩ አይከብደውም። ሁለተኛው ደሙ ወደ ልብ የሚመለስባቸውን ሥሮች ያላላል፤ የሚመጣው ደም ቀስ እያለ፣ እየቀነሰ ይመጣለታል። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ግማሽ ሥራ ነው የሚሠሩት፣ ሲጣመሩ ነው ልብ የሚያርፈው አለን። መጀመሪያ ላይ ራስ ያማል፣ ሰውነት ሲለምደው ይተዋል፤ ከተቀመጡበትም ድንገት አይነሱ ብሎ አስጠነቀቀው። በመጨረሻም “በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሳይቋረጥ” አለና ወደ እኔ ዞሮ ደገመልኝ።

መኪናው ላይ ሆኜ የሐኪሙን ቃል በሁለት ስንኝ አሰርኩት። አባቴ የሰማውን በወሬ ካልሆነ በዜማ ነው የሚይዘው።

አንዱ ደጁን ከፍቶ መንገድ ሲያሰፋለት፣
ሌላው ሸክም ቀንሶ ጀርባ አሳረፈለት።

ደጋግሞ አስባለኝና ያዘው። ከዚያ ትንሽ አሰበና “ቤት ይመታል” አለ። “ሰዓቱን ግን አልነገረኝም።”

ሰዓቱንማ እናቴ ትነግረዋለች ብዬ ሳቅኩ።

መድኃኒቱ ሠራ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሱን እያመመው በእናቴ መቀነት ጥፍር አድርጎ ያስረው ነበር። በኋላ ራስ ምታቱ ተወው፣ መቀነቱም ወደ እናቴ ወገብ ተመለሰ። እብጠቱ ጎደለ፤ በረባሶው ገባ። ጾም ሲገባ የነፍስ አባቱ “መድኃኒት ጾም አያስገድፍም” ብለውት ጠዋትም ሳያፍር ይውጥ ጀመር። አንድ ቀን ከጎታው ሥር ተነስቶ መደቡ ላይ ጋደም አለና ተኛ። እናቴ ልጅ እንዳስተኛች ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ዋለች። ክኒኑ ሊያልቅ ሲል ሰቆጣ ሱቅ ያለው፣ ለዕቃ ደሴ የሚመላለስ ነጋዴ ጎረቤታችን ወረቀቱን ይዞ ሄዶ ያመጣልናል። እኔም በሽታውን ያሸነፍኩት እኔ ይመስል በገበያ መሐል ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ መቀነቱ ተመልሶ አባቴ ራስ ላይ ወጣ።

መጀመሪያ ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት። ግን ዓይኔ ክፉ ነው፤ አንድ ነገር ካየ አይለቅም። አባቴ ራሱን ያሰረ ዕለት ደህና ነው፤ በረት ድረስ ይሄዳል፣ ይቀልዳል። በማግስቱ ራሱ አይታሰርም፤ ያን ዕለት ግን ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ማታም ጎታው ሥር ይመለሳል። እግሩም እንደገና መሰርጎድ ጀመረ። እናቴ መድኃኒቱ ከዳን አለች። ማዶ አያ ጋ ስሻገር ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። እሱም በነጠላ ጫፍ ራሱን አስሯል። ምነው፣ የራስ ማሰር ፋሽን አገራችን ገባ ብዬ ቀለድኩበት። በማግስቱ አባቴ አሰረ፤ አያ ፈታ። ደግሞ በማግስቱ አያ አሰረ፤ አባቴ ፈታ። አብረው አያስሩም፣ አብረው አይፈቱም።

ሰቆጣ ወርጄ ያየሁትን ለነርሷ ነገርኳት። የሸዋ ልጅ ነች፤ ቶሎ ቶሎ ነው የምትናገረው። ራስ ምታቱ ለለመደ ሰው የሚመለሰው መድኃኒቱን እያቋረጠ ሲጀምረው ነው አለችኝ። ሰውነቱ በማይውጥበት ቀን ልማዱን ይረሳል፣ ሲውጥ እንደ አዲስ ያመዋል። ሲያቋርጥ ደግሞ የተከፈተው ሥር ተመልሶ ይጠባል፣ ውኃውም ይመለሳል። “አባትህ እየዋጠ አይደለም” አለች። “ወይ እየረሳ ነው፣ ወይ እየሰጠ ነው። ልቡ ይህን ብዙ አይችልልህም።”

አባቴ የሚረሳ ሰው አልነበረም።

ቤት ስደርስ ደጅ ተቀምጦ የበሬ ጠፍር እያለሰለሰ ነበር። ሳላዞር ጠየቅኩት።

“አባዬ፣ ክኒኑን ለአያ ይሰጡታል?”

“እሰጠዋለሁ” አለ፤ ከጠፍሩ ቀና ሳይል። “አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሱ።”

“ሁሉንም?”

“የሚያሸናውንም፣ ሁለቱንም። ነጥዬማ አልሰጠውም። ጥንድ ናቸው ብለህ የገጠምክልኝ አንተ አይደለህ?”

ግጥሜን በልቡ ይዞ፣ ጥንዱን ሳይነጥል፣ እንደ በሬ በተራ አርሶበታል።

ከዚያ እኔ ተናገርኩ፣ ብዙም ተናገርኩ። ነርሷ ያለችውን አልኩ፣ ሐኪሙ ያለውን አልኩ። እሱ ሰማኝና፣ ደሴ በሰነበትን ጊዜ መሬታችንን ማን እንደገለበጠው ጠየቀኝ። አያ ነበር፤ እያለከለከ፣ ትልም እየጨረሰ እየተቀመጠ። የራሱ መሬት ተራው እያለፈው የእኛን ነበር የሚያርሰው። ተራዬን መልስልኝ ብሎም አያውቅም። “ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል” አለ አባቴ። ክኒኑን ደብቄ ብይዝበት፣ ወይም አያን ባስቀይምበት፣ ያን ጊዜ ጭራሽ አንዲት እንደማይውጥ በእርጋታ ነገረኝ። አባቴ በእርጋታ የተናገረውን አያጥፍም።

እናቴ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ወጥታ ከፊቱ ቆመች፣ እግሩን አየች፣ ተመለሰች። የቀረን ጊዜ ረጅም እንዳልሆነ ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

አያ የራሱ መድኃኒት ቢኖረው ነገሩ ባለቀ ነበር። እሱ ግን ደሴ አልሄድም ባይ ነው። ወንድሙን ከዓመታት በፊት ደሴ ወስደውት በቃሬዛ ነው የተመለሰው። ከዚያ ወዲህ ስለ ደሴ ሲነሳ “እኔ በእግሬ ወጥቼ በሰው ትከሻ የምመለስበት አገር አልሄድም” ይል ነበር። በዚያ ላይ የእርሻ ወቅት ነው፤ በሬውን ለማን ይተዋል?

በማግስቱ ተሻገርኩ። አያ የማይውጥበት ቀን ነበር፤ ራሱ አልታሰረም። በረቱ አጥር ላይ ተደግፎ ትንፋሹን ሲሰበስብ አገኘሁት። ሲያየኝ ግን ቀልዱ አልጠፋውም።

“መጣህ ግጥመኛው?” አለ። “ዛሬ ምን ይዘህ ነው? ሙሾዬን ከሆነ አስቀድመህ አሰማኝ፤ የማይሆን ነገር ካለበት አርምልሃለሁ።”

“ገና አልጻፍኩትም አያ። እርስዎ አላስቸኮሉኝም።”

ሳቀ፤ ሳሉ ቀደመው። ሳሉ እስኪያልፍ አጥሩን ጨብጦ ቆየ። ስለ ክኒኑ እንደማውቅ ነገርኩት። አላፈረም፤ የሚያሳፍር ነገር አልነበረውማ። አባትህ ሰው ነው አለ፤ አንድ ቀን ደህና መዋል ካለመዋል ይሻላል፣ ለሁለት ሰው አንድ አንድ ቀን ደርሶናል አለ። እኔ ሐኪሙና ነርሷ ያሉትን ልደግምለት አፌን ስከፍት ከአጥሩ ተነስቶ አንድ እቅፍ ጭድ አነሳ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ፤ ደግሞ ሁለት ሄደ። በሬው ፊት በተነው። በሬው ጭዱን ማኘክ ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው የያዝኩትን ክርክር ሁሉ የጣልኩት።

“አያ፣ ነገ ጥንዱ የማን ነው?” አልኩት።

“የአባትህ ነው። ምነው?”

“ታዲያ ዛሬ እርስዎ ለምን ያበሉታል? ነገ ተራው የአባቴ ከሆነ ነገ አባቴ ያብላው። ዛሬ ጦሙን ይደር።”

እንደ ቂል አየኝ።

“ምን ዓይነቱን ልጅ ነው የወለደው?” አለ። “በሬ በተራ ያርሳል እንጂ በተራ ይበላል? ዛሬ ያልበላ በሬ ነገ ቀንበሩን ይዞ ይወድቅብሃል። እኔ የእኔን በየቀኑ አበላለሁ፤ አባትህ የራሱን በየቀኑ ያበላል። ከዚያ ነው መቀናጆ።”

“ክኒኑም እርሻው አይደለም አያ” አልኩት። “ጭዱ ነው።”

ከእኔ ዓይኑን አንስቶ በሬውን አየ። በሬው እያኘከ ነበር። አያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና የእግሩን እብጠት በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ እኔ የአባቴን እንደማየው እሱም ስርጉዱ እስኪሞላ አየው። ከሞላ በኋላ “ሂድ፣ እኔ እነግረዋለሁ” ብቻ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ በራሱ የመዋጫ ቀን፣ ሸለቆውን ተሻግሮ መጣ። ከእኛ ደጅ ሆነን ሲወርድ አየነው፤ ሲወጣም አየነው፤ በየመታጠፊያው ይቆማል። አባቴ ሊቀበለው ሊነሳ ሲል እናቴ ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው። አያ ደርሶ እስኪናገር ድረስ ውኃ ጠጣ፣ ደግሞም ጠጣ። አባቴ የወረቀት ከረጢቱን ከጎታው ላይ አውርዶ ድርሻውን ዘረጋለት።

“አልውጥም” አለ አያ። “አንተ ዋጥ።”

“ተራው ያንተ ነው።”

“ተራ የለም። ስንሳሳት ነው የከረምን። ሁለት በሬ ለአንድ እቅፍ ጭድ አሰልፈን፣ ሁለቱንም አክስተናል።” የበሬውን ነገር አንድ በአንድ ነገረው፤ ከእኔ እንደሰማው ሳይሆን ራሱ እንዳሰበው አድርጎ። እኔም የእኔ ነው አላልኩም፤ የእሱም ነበርና።

ከረጢቱ እጁ ላይ እንዳለ ነው። “እኔ ስውጥ አንተስ?” አለ አባቴ።

“ደሴ እሄዳለሁ።”

“ወንድምህ…”

“ወንድሜ ደሴ የደረሰው አልቆ ነው። እኔ በእግሬ ነው የምገባው። ልጅህን ስጠኝ፣ በሬዬን አብላልኝ፤ አንተም ዋጥ። ካልዋጥክ በሬዬን የሚያበላልኝ አይኖርም፣ በሬዬን የሚያበላልኝ ከሌለ አልሄድም።”

እንዲህ አድርጎ አሰረው። አባቴ ብቻውን አይውጥም፤ የሰው በሬ አደራ ተቀብሎ ግን አይሞትም። ክኒኖቹን አንድ በአንድ ወደ አፉ ወረወረና ውኃ አስከተለ። ሲውጥ ዓይኑ አያ ላይ ነበር። እናቴ ወደ ጓዳ ዞረች፤ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ስታደርግ በጎን አየኋት።

ሰቆጣ ስንወርድ ነርሷ አያን አየችውና ለሐኪሙ ጻፈች። ሁለቱ ምን ሲሠሩ እንደከረሙ ስነግራት ልትቆጣ ጀምራ ሳቋ አመለጣት። አንድ የልብ ሕመምተኛ ለሌላው የሚያውሰው ነገር ቢኖር ምክር ብቻ ነው አለችው። መኪናው ታጅቦ እስኪነሳ ሰቆጣ ሰነበትን። ያ መቆየት ነው የከበደኝ፤ በየጠዋቱ አያ የሚጠይቀኝ መኪናው መቼ ይነሳል አልነበረም፣ አባትህ ውጧል ወይ ነበር። ከመንደር ገበያ የመጣ ሰው ሁሉ ይጠየቃል። ውጧል ይላሉ። በሬህም በልቷል ይላሉ። ያን ጊዜ ያርፋል።

ደሴ ያው ሐኪም ነበር። አያን መርምሮ ያንኑ ሁለቱን አጣምሮ አዘዘለት፤ መጠኑ ግን ከአባቴ ያነሰ ነበር፣ የደም ግፊቱ ዝቅ ያለ ነውና ቀስ በቀስ እንጨምረዋለን አለ። ያን ስሰማ ፈራሁ፤ በተራው ቀን የአባቴን ሙሉ መጠን ሲውጥ የከረመ ሰው በየመንገዱ ራሱን አዙሮት አለመውደቁ ለካ ዕድል ነው። አያ ራሱን ነቀነቀ። “የእኔ በሬ ጨጓራው ትንሽ ነው” አለው ለሐኪሙ። ሐኪሙ አልገባውም፤ እኔ ግን ሳቅኩ።

አያ በእግሩ ሄዶ በእግሩ ተመለሰ። ሰቆጣ ከመኪና እንደወረድን የጠየቁትን ሁሉ “ደሴ ደህና አገር ነው” ይላቸው ነበር። የገዛ ከረጢቱን ብብቱ ሥር ይዞ ነበር የሚሄደው።

እኔም ስንኞቼ ላይ ሁለት ጨመርኩ።

ጠዋትም ቀትርም ማታም ሳይዘለል፣
በየቤቱ በላ የተቀናጀው ኃይል።

አባቴ ሰምቶ “አሁን ሰዓቱ ገባ” አለ። “ሁለተኛው ግን ካድሬ የጻፈው ይመስላል፤ አውጣው።” አወጣሁት።

የሁለቱም ልብ የወጣት ልብ አልሆነም። ሐኪሙም እንደዚያ አላለንም። ያን ክረምት ግን አባቴ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ ተኛ፤ ጎታው ሥር ያለው ቦታው ላይ እናቴ የዘር ጤፍ አስቀመጠችበት። ጥንዱ እንደ ልማዱ አንድ ቀን ወዲህ፣ አንድ ቀን ወዲያ አረሰ። ሁለቱ ሽማግሎችም በየትልሙ ጫፍ እያረፉ፣ ከእርፉ ኋላ ሄዱ።

በየቀኑ፣ መድኃኒት በሚዋጥበት ሰዓት፣ አባቴ ደጅ ወጥቶ እጁን አፉ ላይ ያደርግና ወደ ማዶ ይጣራል። ድምፁ ሸለቆውን ሲሻገር መስማት ብቻውን መድኃኒት ነበር፤ በታኅሣሥ ከጎታው እስከ በሩ የሚደርስ ድምፅ አልነበረውም።

“በሬህ በላ?”

እናቴ ያን ጊዜ የያዘችውን ሥራ ትታ ጆሮዋን ትሰጣለች። ከዚያ የአያ ድምፅ፣ ሳቅ ያለበት፣ ሳል ያልቀደመው፣ ይመጣል።

“በላ። ያንተስ?”

“እያኘከ ነው” ይላል አባቴ፤ ክኒኑን ገና ምላሱ ላይ እንዳደረገ።